ግልጽ የጥርስ ማስተካከያ ስንጀምር፦ የመጀመሪያውን ሳምንት ሕመም እንዴት እንለፈው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጥርስ ነው። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጡት ምርመራ በተነጋገርንበት አዳራሽ ጥርስ ስለ ማቃናት ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ከምንኖር አባላት መካከል አላይነር የሚባለውን ግልጽ የጥርስ ማስተካከያ የጀመርነው ስድስት ደርሰናል። ከስድስታችን ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት አውልቀው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ክፍያው ግን አልቆመም፤ በየወሩ ከባንክ ሒሳባቸው ይቆረጣል። ለምን እንዳቆሙ ስንጠይቃቸው ሁለቱም ከሕመሙ ይልቅ ስለ ፍርሃቱ ነገሩን። «ጥርሴ ሲነቃነቅ ሊወልቅ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ለማን ልንገር? ለቁንጅና ብለሽ ያመጣሽው ነው እባላለሁ» አሉን። ይህን ንግግር ለማዘጋጀት የተነሣነው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሞች አይደለንም። አራታችን ያየነውን፣ የየራሳችንን ሐኪም ጠይቀን የተረዳነውን ሰብስበን ነው ያመጣነው።

በመጀመሪያ ስለ «ለቁንጅና ነው» አንድ ቃል እንበል። የተደራረበ ጥርስ ብሩሽም ክርም በደንብ አይገባበትም፤ ምግብ ይይዛል፣ ድድ ያቆስላል። ደግሞም ከመካከላችን ስንስቅ በነጠላችን ጫፍ ወይም በእጃችን አፋችንን ስንሸፍን ያደግን አለን። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ አፏን ሸፍና የምትመልስ ሴት ምን ያህል እንደምትጎዳ የሚያውቀው ያለፈበት ነው። ይህን ለመለወጥ በራሷ ላብ ያፈራችውን ገንዘብ የምታወጣ እኅት ቢያማት «አመመኝ» ለማለት ማፈር የለባትም።

አላይነር ምንድን ነው? በጥርሳችን ልክ የተሠራ፣ የሚወልቅና የሚገባ ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሐኪሙ የአፋችንን ቅርጽ በስካነር ይወስዳል፤ በኮምፒውተር ጥርሶቹ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ ይታቀዳል፤ ከዚያ ተራ በተራ የሚደረጉ ብዙ አላይነሮች ይሠራሉ። በዚህ መንገድ የተሠራውን፣ ኢንቪዝአላይን በሚባለው ስም የታወቀውን ዓይነት ያመጣው በ1997 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ የመሠረቱት ድርጅት ነው። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች ይሠሩታል። እያንዳንዱ አላይነር አንድን ጥርስ የሚገፋው በአብዛኛው ቢበዛ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። 2 ሚሊ ሜትር መሄድ ያለበት ጥርስ ቢያንስ 8 አላይነር ይፈልጋል ማለት ነው፤ አንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚደረግ ከ8 እስከ 16 ሳምንት ይፈጃል። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ ጥርሱ ብዙ የዞረ ወይም መንጋጋው ያልገጠመ ሰው በሽቦ ቢታከም የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ታዲያ ሩብ ሚሊ ሜትር ለምን ያማል? ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጅማት አለ። አላይነሩ ጥርሱን ሲገፋ በአንድ በኩል ይህ ጅማት ይጨመቃል፤ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ሰውነት ለዚህ መልስ ሲሰጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህ በአንድ በኩል ነርቭን ያነቃሉ፣ ስለዚህ ያመናል። በሌላ በኩል አጥንት የሚያሟሙ ሕዋሳት ሥራ እንዲጀምሩ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ ለጥርሱ መንገድ ይከፈታል። በተለቀቀው ጎን ደግሞ ቀስ ብሎ አዲስ አጥንት ይሞላል። ሕመሙና ለውጡ በአንድ በር ነው የሚገቡት። ጥርሱ ትንሽ መነቃነቁም የዚሁ ሥራ አካል ነው፤ ሊወልቅ ነው ማለት አይደለም።

ሕመሙ መንገዱ የታወቀ ነው። አላይነሩን ባደረግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በማግሥቱ፣ 24 ሰዓት ገደማ ሲሞላው፣ ይብሳል፤ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ እየቀነሰ በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ዓይነቱም እንደተበላ ጥርስ የሚወጋ አይደለም። የመጫን፣ የመጨናነቅ፣ ሎሚ ሲበላ እንደሚሆነው የመጥረስ ስሜት ነው። ሲነክሱ ይብሳል። አንዳንዶቻችንን መንጋጋችን ደክሞን፣ ጆሯችን ሥር ከብዶን ነበር። አዲስ አላይነር በቀየርን ቁጥር ጥቂት ይመለሳል፤ ነገር ግን ለአራታችንም እንደ መጀመሪያው ሳምንት የከበደ አልመጣም። ማግሥቱ እንደሚከፋ ቀድማ የምታውቅ ሴት በማግሥቱ አትደነግጥም። ያቆሙት ሁለቱ እኅቶቻችን ያወለቁት በሁለተኛው ቀን ነበር፤ ልክ መውረድ ሊጀምር ሲል ማለት ነው።

ለምን አይወለቅም? አላይነር ሲወልቅ ጥርስ ወደ ድሮው ቦታው መመለስ ይጀምራል። አንድ ቀን ሙሉ አውልቀን ስንመልሰው ይጠብቃል፤ ሕመሙም ከፊተኛው ይብሳል። «እስኪሻለኝ ላውልቀው» ማለት ሕመሙን ማራዘም ነው።

የጠቀመንን እንንገራችሁ። አንደኛ፣ አዲሱን አላይነር ማታ ልንተኛ ስንል ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእንቅልፍ ያልፋሉ። ከተቻለም ከዕረፍት ቀን ዋዜማ ይጀመር። ከእኛ ሁለቱ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ ላይ ናቸው፤ የ12 ሰዓት ፈረቃ በሚጠብቃቸው ቀን አልጀመሩም።

ሁለተኛ፣ ማስታገሻ። አብዛኞቻችን በሐኪሞቻችን ምክር የወሰድነው እዚህ ታይለኖል የሚባለውን ፓራሲታሞል ነው። አይቡፕሮፌንም ያስታግሣል፤ ነገር ግን የሚሠራው ያንኑ ፕሮስታግላንዲን በመቀነስ ስለሆነ ለብዙ ቀን ያለ ሐኪም ምክር ባይወሰድ ይመረጣል። የጨጓራ፣ የኩላሊት፣ የጉበት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ማናቸውንም ከመውሰዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቀዝቃዛ ውኃ መጎንጨትም ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ይቅር፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ሦስተኛ፣ የሚፍቀው ነገር። ብዙዎቻችንን ከጥርሳችን ይልቅ ያስቸገረን የፕላስቲኩ ጠርዝ ምላሳችንንና ጉንጫችንን ማቁሰሉ ነበር። ከዚህም ሌላ ሐኪሙ አላይነሩ እንዲይዝ አታችመንት የሚባሉ፣ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች ጥርስ ላይ ይለጥፋል፤ አላይነሩ ሲወልቅ እነሱም ይሻክራሉ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የጥርስ ሰም በሚፍቀው ቦታ ላይ መለጠፍ፣ ለብ ባለ ጨው ውኃ መጉመጥመጥ ይረዳል። ጠርዙ በጣም ከሾለ በአዲስ የጥፍር ሞረድ በስሱ ማለስለስ ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ሐኪሙን ደውሎ መጠየቅ ነው። የአፍ ሥጋ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለምዳል።

አራተኛ፣ አወላለቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሕመሙ በላይ ያስለቀሰን ማውለቁ ነበር። ከፊት ጥርስ አይጀመርም። ከኋላ መንጋጋ፣ ከውስጥ በኩል፣ አንዱን ጎን ከዚያ ሌላውን ማላቀቅ ነው። ጥፍር ለሚጎዳው በርካሽ የሚገዛ የፕላስቲክ ሜንጦ አለ። ስናደርገው ደግሞ በጣት ገፋ አድርጎ ማስገባት እንጂ ነክሶ ማስገባት አይገባም፤ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ ምግብ። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ወጥ ቤት አሸንፏል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገንፎ፣ አጥሚት፣ ለስላሳ ሽሮ በእንጀራ፣ የራሰ ፍርፍር፣ የምስር ወጥ በቂ ናቸው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥብስና ደረቅ ቂጣ ይቆዩ። አላይነሩ አፍ ውስጥ ሳለ ከውኃ በቀር ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። በርበሬና እርድ ፕላስቲኩን ያቀልሙታል፤ አልጫ ወጥ በልታ አፏን ሳትጉመጠመጥ የመለሰች ሴት ቢጫ ጥርስ ይዛ ሥራ ትገባለች። ትኩስ ነገር ቅርጹን ስለሚያበላሸው በፈላ ውኃ አይታጠብ፤ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ስኳር ያለበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ከፕላስቲኩ ሥር ከገባ ምራቅ አያጥበውም፤ ጥርስ እዚያው ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። የአብዛኞቻችን ሐኪሞች ያዘዙት በቀን 22 ሰዓት እንዲደረግ ነው። ከ24 ሰዓት የሚተርፈን 2 ሰዓት፣ 120 ደቂቃ ነው። ከእኛ አንዷ የማኅበራችን ሒሳብ ያዥ ስለሆነች ይህን እንደ በጀት ጻፈችው። ቁርስ 20 ደቂቃ፣ ምሳ 30፣ እራት 30፣ ድምር 80። ከየምግቡ በኋላ ጥርስ ለመቦረሽ 5 ደቂቃ፣ ሦስት ጊዜ 15። ድምር 95። የሚተርፈው 25 ደቂቃ ነው። በ25 ደቂቃ አቦል ይጠጣል፤ ቶናና በረካ አይደረስባቸውም። ስለዚህ ቡና ላይ ተጠርተን አቦሉን ጠጥተን ውኃ ይዘን ብንቀመጥ ቡናችሁን ንቀን አይደለም። ጉርሻ ስትዘረጉልንም «አንዴ ቆይ» ብለን ዘወር ብንል አትቀየሙን። የሚጾሙ አባሎቻችን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላበት ቀን ለአላይነር የተመቸ ሆኖ አግኝተውታል። የረመዳንን ጾም የያዙ እኅቶቻችን አፋቸው እንዳይደርቅ በኢፍጣርና በሱሁር መካከል በቂ ውኃ ቢጠጡ፣ ማስታገሻ የሚያስፈልግበትን ቀየራም ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርጉት ይመቻል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ግብዣ ላይ አላይነራችሁን በሶፍት ጠቅልላችሁ ሳሕን አጠገብ አታስቀምጡ። ሳሕን የምታነሣዋ ልጅ ቆሻሻ መስሏት ትጥለዋለች። ማስቀመጫ ሣጥኑ ከቦርሳችሁ አይለይ። ያለፈውንም አላይነር አትጣሉ፤ አዲሱ ቢጠፋ ሐኪማችሁ እስኪያያችሁ ድረስ ጥርሱን የሚይዝላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ንግግርም ይከብዳል። አፍ እንግዳ ነገር ሲገባበት ምራቅ ይበዛል፤ ምላስም መቀመጫ ያጣል። «ሰ»፣ «ዘ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ይኮላተፋሉ። ከእኛ አንዷ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ስልክ ማንሣት ፈርታ ነበር። የረዳን ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ጠዋት ዳዊት የምትደግም ዳዊቷን፣ ቁርኣን የምትቀራ ቁርኣኗን ድምፅዋን አውጥታ ታንብብ፤ ለልጆቿ ተረት የምታነብም እንደዚያው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ምላስ መንገዱን ያገኛል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። «ያማል፣ የታወቀ ነው፣ ቻይው» የሚለው ቃል አደገኛም ሊሆን ይችላል። ከመካከላችን አንዷ በስምንተኛው ቀን ሕመሟ ከመቀነስ ይልቅ በአንድ ጥርስ ላይ ጨመረ፤ ማታ ማታ ይመታ ጀመር። ሌሎቻችን «የእኛ እንዲህ አልነበረም፣ ደውዪ» አልናት። ስትመረመር ከዓመታት በፊት በተሞላ ጥርስ ሥር መግል ተገኘ። ማስተካከያው ቆመ፣ ጥርሷ ታከመ፣ ከዚያ ቀጠለች። ያለ ንጽጽር ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ቻል አድርጋው ነበር። ስለዚህ ሕመሙ ከሳምንት በኋላ ካልቀነሰ፣ በአንድ ጥርስ ብቻ የሚመታ ከሆነ፣ ከእንቅልፍ ካስነሣ፣ ድድ ወይም ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መግል ከታየ፣ ጥርስ በጣም ከተነቃነቀ ሳይውል ሳያድር ይደወል። ከንፈር ወይም ምላስ ቢያብጥ፣ መተንፈስ ቢያስቸግር አላይነሩን አውልቆ 911 መደወል ነው።

ከመጀመራችን በፊትም መጠየቅ ያለብን አለ። የሚደማ ድድና የተበላ ጥርስ ቀድሞ መታከም አለበት፤ በታመመ ድድ ላይ ጥርስ መግፋት ጥርስ ማሳጣት ነው። ድዳችሁ የተነቀሰ እናቶችና እኅቶች ለሐኪሙ ንገሩት፤ በተነቀሰ ድድ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል እብጠቱንና መድማቱን ማየት ይኖርበታል። በስምጥ ሸለቆ ያደጋችሁ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ በውኃው ፍሎራይድ ጥርሳችሁ የበለዘ፣ አላይነር ቀለሙን እንደማይለውጥ እወቁ፤ አታችመንቱም በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ በቀላሉ ሊላቀቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ደግሞ ፍንጭት አለ! በእኛ ዘንድ ፍንጭት የውበት ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ሐኪሙ ሊደፈን የሚገባው ክፍተት አድርጎ ሊያቅደው ይችላል። እንዲቀር የምትፈልጉ ከሆነ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት «ይህን አትንኩብኝ» በሉ። የመጨረሻውን አላይነር ስንጨርስም ጥርስ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ሪቴይነር የሚባለው ማታ ማታ ለብዙ ዓመታት ይደረጋል። ይህን የማይነግራችሁ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ስለ ገንዘቡም እንበል። ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች ለአዋቂ ሰው ማስተካከያ አይከፍሉም፤ የሚከፍሉትም በዕድሜ ልክ አንድ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ጣሪያውን በጽሑፍ ጠይቁ። መሥሪያ ቤታችሁ የጤና ወጪ ሒሳብ፣ ኤፍኤስኤ ወይም ኤችኤስኤ፣ ካለው ጥርስ ማስተካከል ከቀረጥ ነፃ በሆነው ገንዘብ ሊከፈል ይችላል፤ ጥርስ ማንጣት ግን አይፈቀድም። ዋጋው ሪቴይነሩን፣ የጠፋ አላይነር መተኪያውንና ተጨማሪ ዙሩን ያካትት እንደሆነ ጠይቁ። በፖስታ እየላኩ ያለ ሐኪም ምርመራ በርካሽ የሚሠሩትንም አስቡባቸው፤ ከእነሱ ትልቁ የነበረው ስማይልዳይሬክትክለብ በዲሴምበር 2023 ሥራውን ሲያቆም ሕክምና ላይ የነበሩ ደንበኞቹ መሐል መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሲያማችሁ የምትደውሉለት፣ አፋችሁን በዓይኑ የሚያይ ሐኪም መኖሩ የዋጋው አካል ነው።

ደጋፊዎቻችን ልትጠይቁ የምትችሉትን እኛው እንመልስ። ከማኅበሩ የጤና መረዳጃ ሣጥን ለአላይነር አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ እንዲወጣም አንጠይቅም። ያ ገንዘብ ጥርሷ መግል ይዞ ኢንሹራንስ ለሌላት እኅት የተቀመጠ ነው። እኛ የምንጠይቀው ገንዘብ የማይፈልግ ነገር ነው። አላይነርም ሽቦም የምትጀምር አባል ከእኛ አንዷን ትመድብላት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶችና በስምንተኛው ቀን እንደውላለን። ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ከትናንት ቀነሰ ወይስ ጨመረ? በሁሉም ጥርስ ነው ወይስ በአንዱ? አብጧል ወይ? መልሱ የሚያሰጋ ከሆነ አብረን ሐኪም ዘንድ እንደውላለን፤ እንግሊዝኛው የሚያስቸግራትንም እናስተረጉምላታለን። ካቆሙት ሁለቱ እኅቶቻችን አንዷ በዚህ መንገድ ወደ ሐኪሟ ተመልሳ እንደገና ተለክታለች፤ አሁን ሦስተኛው አላይነር ላይ ናት። ሁለተኛዋም ስትፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ ባትፈልግም ማንም አይወቅሳትም።

ከስብሰባው በኋላ አራታችንም ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ሰሙን፣ ማስቀመጫ ሣጥኑን፣ ሜንጦውን አምጥተናል፤ ዓይታችሁ ጠይቁን። የተሰጣችሁ የዋጋ ወረቀት ካለም አምጡት፣ አብረን እናነበዋለን።